የትርፍ ድርሻ የሚከፍል ፈንድ መቼ ይሸጣል? መቼስ ይገዛል?

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«አሜሪካ በአረጋውያን መጦሪያ ለብዙ ዓመታት ሠርቼ፣ ጡረታ ስወጣ ወደ አገሬ ተመልሼ ለገጣፎ እኖራለሁ። ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለኝ። ባለቤቴ በሕይወት የለም። ከደመወዜ እየቆጠብኩ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ኤስ.ሲ.ኤች.ዲ. የሚባለውን፣ ሽዋብ የተባለው የአሜሪካ የግብይት ተቋም የሚያስተዳድረውን የትርፍ ድርሻ ኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ፣ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን የያዘ ፈንድ) ስገዛ ቆይቼ ዛሬ 96 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሷል። ባለፈው ዓመት 3,300 ዶላር የትርፍ ድርሻ ከፍሎኝ ነበር፤ እሱም ተመልሶ አክሲዮን ይገዛበታል። ለዕለት ወጪዬ በወር 1,400 ዶላር የሆነው የጡረታ አበሌ ይበቃኛል። አሁን ግን የጀመርኩትን ሁለተኛ ፎቅ ክረምት ሳይገባ ለመጨረስ ከጥር እስከ ሰኔ 30 ሺህ ዶላር ያህል ያስፈልገኛል። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ‹ገበያው ሊወድቅ ነው፤ ሁሉንም ሽጪና ሲረክስ ትገዢያለሽ› ይለኛል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ‹የትርፍ ድርሻ ሊከፈል ሲል መግዛት፣ ከተከፈለ በኋላ መሸጥ ነው› ይላል፤ በዓመት 12 በመቶ የሚከፍል ሌላ ፈንድም አሳይቶኛል። እኔ መቼ ልሽጥ? መቼስ ልግዛ?»

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ ለጥያቄዎ መልስ የሚሰጡት ሁለት ቁጥሮች በደብዳቤዎ ውስጥ አሉ። አንደኛው እስከ ሰኔ የሚያስፈልግዎ 30 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ሁለተኛው የዕለት ወጪዎን የሚሸፍንልዎ የጡረታ አበል ነው። ወንድምዎም የእህትዎ ልጅም በቅንነት እንደሚመክሩዎት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚያዩት ገበያውን ብቻ ነው። የአክሲዮን ፈንድ የሚሸጥበትን ቀን የሚወስነው፣ በተለይ በእርስዎ ዕድሜና ሁኔታ ላለ ሰው፣ ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን ነው። በዚህ መሠረት በቅርቡ የሚያስፈልግዎን ያህል አሁን ይሽጡ፤ የቀረውን ግን ወንድምዎ በሚነግሩዎት ምክንያት አይንኩት። ምክንያቶቼን በዝርዝር ልግለጽልዎ።

በመጀመሪያ የእህትዎን ልጅ ሐሳብ እንመልከት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ኤስ.ሲ.ኤች.ዲ. የትርፍ ድርሻ የሚከፍለው በዓመት አራት ጊዜ፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ የመቁረጫ ቀን አለ፤ ከዚያ ቀን በፊት የገዛ ሰው ክፍያው ይደርሰዋል፤ በዕለቱ ወይም ከዚያ ወዲህ የገዛ ሰው ግን የሚቀጥለውን ይጠብቃል። የእህትዎ ልጅ ያላስተዋለው፣ በዚያው ቀን ጠዋት የፈንዱ ዋጋ በክፍያው መጠን ዝቅ ብሎ እንደሚከፈት ነው። በሰንዳፋ ገበያ ልትወልድ የደረሰች ላም ዋጋዋ ከሌላው እንደሚበልጥ ያውቃሉ፤ ገዢው ጥጃውንም አስቦ ይከፍላልና፣ ከወለደች በኋላ ላሟን ለብቻዋ በዚያው ዋጋ እሸጣለሁ ቢል የሚገዛው አያገኝም። በቁጥር እንየው፦ አንዱ አክሲዮን 27 ዶላር፣ የሩብ ዓመቱ የትርፍ ድርሻ 26 ሳንቲም ቢሆን፣ 100 አክሲዮን ያለው ሰው በዋዜማው 2,700 ዶላር አለው፤ በማግስቱ ደግሞ፣ ገበያው በሌላ ምክንያት ካልተንቀሳቀሰ፣ 2,674 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮንና ወደፊት የሚከፈለው 26 ዶላር ይኖረዋል። ድምሩ ያው ነው። የተጨመረ ነገር ቢኖር በ26 ዶላሩ ላይ የሚመጣው ግብር ነው።

ግብሩም ቢሆን እንዲህ ለሚገባና ለሚወጣ ሰው ይከብዳል። የአሜሪካ ሕግ አብዛኛውን የኩባንያ የትርፍ ድርሻ በዝቅተኛ ምጣኔ፣ ማለትም በ0፣ በ15 ወይም በ20 በመቶ፣ የሚያስተናግደው ባለቤቱ አክሲዮኑን በመቁረጫው ቀን ዙሪያ በሚቆጠሩ 121 ቀናት ውስጥ ከ60 ቀን በላይ ይዞ ከተገኘ ነው። ለትርፍ ድርሻው ሲል ገብቶ በሳምንቱ የሚወጣ ሰው ይህን ዕድል ያጣና ክፍያው እንደ ደመወዝ ባለው ተራ ምጣኔ ይታሰብበታል። ስለዚህ የመቁረጫውን ቀን ማወቅ ጥሩ ቢሆንም፣ ለመግዛትም ለመሸጥም ምክንያት ሊሆንዎ አይገባም።

በዓመት 12 በመቶ ስለሚከፍለው ፈንድ ደግሞ፣ እባክዎ ይጠንቀቁ። የትርፍ ድርሻ ምጣኔ የሚገኘው ክፍያውን ለዋጋው በማካፈል ስለሆነ፣ ክፍያው ሳይጨምር ዋጋው ብቻ ሲወድቅም ምጣኔው ከፍ ብሎ ይታያል፤ ገበያው አንድን አክሲዮን የሚያረክሰውም አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ይቀነሳል ብሎ ሲሰጋ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክን የመሰለ ታላቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የሩብ ዓመት የትርፍ ድርሻውን ከ12 ሳንቲም ወደ 1 ሳንቲም አውርዶታል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በምጣኔው ተስበው የገቡ ሰዎች ከክፍያውም ከዋጋውም አጥተዋል። እንዲህ ከፍተኛ ክፍያ ከሚያስታውቁት ፈንዶች ውስጥ ብዙዎቹ ደግሞ ገንዘቡን የሚያገኙት፣ በእጃቸው ያለውን አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ የመግዛትን መብት ለሌላ ሰው አስቀድመው በመሸጥ ነው። በዚህ አሠራር ገበያው ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ፤ ሲያንሰራራ ግን የዕድገቱ ትልቁ ክፍል መብቱን ለገዛው ሰው ይሄድባቸዋል። አንዳንዶቹ የሚከፍሉት ገንዘብ በከፊል የባለ አክሲዮኖቹ የራሳቸው ካፒታል ተመላሽ ነው። ለዕለት ወጪ የማይቸገሩ ሰው ስለሆኑ፣ ይህን ዓይነት ፈንድ የሚገዙበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ወንድምዎ ምክር ልመለስ፤ በግማሹ ትክክል ናቸውና። ገበያ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ባለው ጊዜ ውስጥ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ወድቋል። በዚያ ድንጋጤ የሸጠ ሰው ግን መቼ እንደሚመለስ ሲያሰላስል፣ በኦገስት ገበያው ከቀድሞው ከፍታ በላይ ወጥቶ አገኘው። «ሽጦ ሲረክስ መግዛት» ሁለት ጊዜ ትክክል መሆንን ይጠይቃል፤ ሲወጡም ሲመለሱም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ደግሞ በሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ገበያው በእርግጥ በረከሰበት ቀን የሚሰማው ዜና ሁሉ የሚያስፈራ በመሆኑ ለመግዛት እጅ አይታዘዝም። ለ96 ሺህ ዶላርዎ ይህን ቁማር አልመክርዎትም።

ነገር ግን የወንድምዎ ሥጋት ለ30 ሺህው ዶላር በሚገባ ይሠራል። ውድቀት ሁሉ እንደ 2020 በወራት አያበቃም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 የጀመረው ውድቀት እስከ ማርች 2009 ድረስ ዘልቆ ከዋጋው ከግማሽ በላይ ከወሰደ በኋላ፣ ያ መለኪያ የቀድሞ ከፍታውን መልሶ ያገኘው በ2013 ነበር። የእርስዎ ኮንትራክተር ብረቱንና ሲሚንቶውን ገዝቶ፣ ሠራተኛውን አሰማርቶ ክፍያ ሲጠይቅ «ገበያው እስኪያንሰራራ ይታገሡኝ» ሊሉት አይችሉም፤ ጣሪያ ያልለበሰ ፎቅም የለገጣፎን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ዝም ብሎ አይጠብቅም። በዓመት ውስጥ የሚፈለግ ገንዘብ በአክሲዮን ፈንድ ውስጥ መቆየት የለበትም፤ ፈንዱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ገበያው ዛሬ የቱንም ያህል ያማረ ቢመስል። እርስዎ የሚሸጡት ገበያው ይወድቃል ብለው ስለተነበዩ መሆን የለበትም፤ ቢወድቅ መጠበቅ የማይችሉት ገንዘብ ስለሆነ ነው። ከሸጡ በኋላ ዋጋው ቢወጣ እንኳ አይቆጩ፤ ያ ገንዘብ ሥራ ተሰጥቶታልና።

ስንት ይሸጣል? ግንባታ ከታሰበለት ዋጋ አልፎ መሄዱን ቤት የጀመረ ሁሉ ያውቀዋልና፣ ከ30 ሺህው ላይ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ጨምረው 33 ሺህ ዶላር ቢያወጡ እመርጣለሁ። የተሸጠው ገንዘብ ሁሉ ወዲያው ወደ ብር መቀየር የለበትም። በዚያው የአሜሪካ አካውንትዎ ውስጥ በአጭር ጊዜ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ወይም ገንዘብን በመሰል የአጭር ጊዜ ሰነዶች በሚያቆይ የገንዘብ ገበያ ፈንድ አስቀምጠው፣ የኮንትራክተሩ ክፍያ በደረሰ ቁጥር የሚያስፈልገውን ያህል በባንክ ያስመጡ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ያስታውሳሉ። የብሩን ዋጋ አቅጣጫ መገመት አያሻዎትም፤ ቀኑ ያልደረሰ ክፍያ በዶላር መቆየቱ ይበቃል።

ስለ ግብር ብዙዎች «አሁን ብሸጥ ያስከፍለኛል» ብለው መሸጥ ያለባቸውን ያዘገያሉ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከዓመት በላይ የያዙት አክሲዮን ሲሸጥ ግብር የሚጣለው በሽያጩ ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ሳይሆን፣ ከተገዛበት ዋጋ በላይ በተገኘው ጥቅም ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ለ2025 ብቻውን የሚያሳውቅ ሰው፣ ሕጉ የሚፈቅደው መደበኛ ተቀናሽ ከወጣለት በኋላ ግብር የሚከፈልበት ገቢው ከ48,350 ዶላር ካልበለጠ፣ እንዲህ ባለው ጥቅምና በትርፍ ድርሻው ላይ ያለው የፌዴራል ምጣኔ ዜሮ ነው። የጡረታ አበልዎ በዓመት 16,800፣ የትርፍ ድርሻዎ 3,300 ዶላር ነው፤ ሌላ ገቢ ከሌለዎት፣ 33 ሺህ ዶላሩን በአንድ ዓመት ሸጠው እንኳ፣ ጥቅሙ የጡረታ አበሉን ከፊል ወደ ግብር ስሌት ቢያስገባውም፣ ከዚህ ጣሪያ በታች የሚቀሩ ይመስለኛል። ግብሩ ዜሮ ቢሆንም ማሳወቂያውን መሙላት ግን አይቀርልዎትም። በሚሸጡበት ጊዜም የትኞቹ አክሲዮኖች እንደሚሸጡ የመምረጥ መብት አለዎት፤ ባለፉት 12 ወራት በትርፍ ድርሻው የተገዙትን ሳይሆን የቆዩትን ይምረጡ፤ ከዓመት በታች የተያዘው እንደ ተራ ገቢ ይታሰባልና።

ሁለት የግብር ነገሮች እዚህ በመኖርዎ ምክንያት ይጨመራሉ። በስምዎ በኢትዮጵያ ባንኮች ያለው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ቀን በድምር ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ፣ ግብር ባይኖርበትም፣ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት የሚቀርብ የውጭ ባንክ ሒሳብ ማሳወቂያ አለ። ለግንባታው ገንዘብ ሲያስመጡ ይህን መስመር በቀላሉ ያልፋሉ፤ አለማሳወቅ የሚያስከትለው ቅጣት ደግሞ ከባድ ነው። ሌላው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ በኢትዮጵያ የሚቆይ ሰው በእኛም የገቢ ግብር ሕግ እንደ ነዋሪ ስለሚቆጠር፣ ነዋሪም በውጭ በሚያገኘው ገቢ ላይ ጭምር ስለሚመለከተው፣ የሁለቱንም አገር ሕግ ከሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ጋር ሳይመክሩ አይቅሩ። በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ አንዱ አገር የሌላውን ድርሻ በራሱ ያስተካክላል ብለው አይጠብቁ።

ከ33 ሺህው ሌላ የሚቀረው 63 ሺህ ዶላር ነው። ይህንን መቼ ይሸጣሉ? በእኔ አስተያየት ሁለት ምክንያቶች ብቻ በቂ ናቸው። አንዱ አሁን እንደገጠመዎ ያለ እውነተኛ ፍላጎት ሲመጣ ነው። ሌላው ፈንዱ የገዙት ፈንድ መሆኑ ሲቀር ነው። ኤስ.ሲ.ኤች.ዲ. የሚከተለው መለኪያ ቢያንስ አሥር ዓመት ሳያቋርጡ የትርፍ ድርሻ ከከፈሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ውስጥ በዕዳ አቅማቸው፣ በትርፋማነታቸው፣ በክፍያቸው መጠንና ዕድገት እያበጠረ 100 ያህሉን ይይዛል፤ በየዓመቱ በማርች ዝርዝሩን ያድሳል፤ የዓመት የአስተዳደር ክፍያው ከ10 ሺህ ዶላር ላይ 6 ዶላር ብቻ ነው። ይህ ደንብ ቢለወጥ ወይም ክፍያው ቢወደድ እንደገና ማሰብ ተገቢ ይሆናል። በአንድ ዓመት ከሌሎች ኋላ መቅረቱ ግን ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ገበያው በሰፊው ሲወርድ ይህ ፈንድ ብዙም አልተጎዳም፤ በ2023 ደግሞ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ገበያውን ሲመሩ እሱ ከኋላ ቀረ። እነዚያን ኩባንያዎች እምብዛም ስለማይዝ ሁለቱም የባሕርዩ ውጤቶች ናቸው።

ብዙዎች «ከትርፍ ድርሻው እንጂ ከዋናው አልበላም» የሚሉትን መርህ እርስዎም ይዘው ይሆናል፤ ደብዳቤዎ ውስጥ የመሸጥ ጭንቀት ይነበባልና። መርሁ ሰውን ከብክነት ስለሚጠብቅ አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ ቀደም ብለን እንዳየነው የትርፍ ድርሻ ሲከፈል ከፈንዱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ 300 ዶላር የትርፍ ድርሻ መቀበልና 300 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን መሸጥ በሀብትዎ ላይ የሚያመጡት ለውጥ አንድ ነው። ለቤትዎ ሲሉ ከዋናው መቁረስዎ ሀብትዎን ማፍረስ አይደለም።

የመግዛቱ ጥያቄ ከዚህ አጭር ነው። ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ አይግዙ። ካለቀ በኋላ፣ ከመጠባበቂያው የተረፈ ካለና ለአምስት ዓመት የማይፈልጉት ከሆነ፣ ቀን ሳይመርጡ መልሰው ያስገቡት። የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ለሦስትና ለአራት ወራት ከፋፍለው በየወሩ በአንድ ቀን ይግዙ፤ ይህ ትርፍ የሚጨምር ዘዴ ባይሆንም በአንድ ቀን ዋጋ ከመጸጸት ያድናል። በ63 ሺህው ላይ በዓመት 3.5 በመቶ ቢከፈል 2,200 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ፣ የጡረታ አበልዎ እስከበቃዎ ድረስ ይህም ተመልሶ አክሲዮን ይግዛ።

አንዳንድ ዘመድ «ሁሉንም አምጥተሽ እዚህ ባንክ አክሲዮን ግዢበት» ማለቱ አይቀርምና በዚህም ላይ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮን መግዛት ይችላሉ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። በአገር ባንክ አክሲዮን መያዝ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ባንክ አንድ ኩባንያ ነው፤ የትርፍ ድርሻውም በብር ነው። 100 ኩባንያ የያዘውን የዶላር ፈንድ ሁሉ አፍርሰው አንድ ቦታ ላይ ቢያፈሱት ለውጡ ደኅንነትዎን ይቀንሳል።

በመጨረሻ ስለ አፈጻጸሙ። የኒውዮርክ ገበያ የሚከፈተው ከማርች እስከ ኖቬምበር ባለው የበጋ ሰዓታቸው በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እንደተከፈተ ባሉት ደቂቃዎች ዋጋ ስለሚዘላለል ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ፤ ሲሸጡም «በተገኘው ዋጋ» ከማለት ይልቅ ከዚህ በታች አልሸጥም የሚል የዋጋ ገደብ ያለው ትዕዛዝ ይስጡ፤ የመብራትና የኢንተርኔት መቋረጥ ላለበት ሰፈር ይህ ይበልጥ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 28 ቀን 2024 ጀምሮ የሽያጭ ገንዘብ በማግስቱ የሥራ ቀን አካውንት ውስጥ ይገባል፤ እዚህ ባንክዎ እስኪደርስ ግን ተጨማሪ ቀናት ስለሚወስድ ከኮንትራክተሩ ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይላኩ። አንዳንድ የአሜሪካ የግብይት ተቋማት ነዋሪነቱ ወደ ውጭ የተዛወረን ደንበኛ አዲስ ግዢ ይከለክላሉ፤ ቢሆንም የድሮ አድራሻዎን እንዳለ ትተው አይደብቁ፤ ደንባቸውን ጠይቀው ይወቁ። ከሁሉ አስቀድመው ግን በዚህ ሳምንት ውስጥ የትርፍ ድርሻው ተመልሶ አክሲዮን እንዲገዛ የሚያደርገውን ትዕዛዝ ያጥፉት፤ የዲሴምበሩ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ይግባልዎ፤ ከ33 ሺህው ላይም ያንኑ ያህል አሳንሰው ይሽጡ።